ጫጩቶችን በእናታቸው ክንፍ ሥር፣ በመንጋው መካከል ማሳደግ

ለአጥቢያ ጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘዳግም 22፥6-7፤ ምሳሌ 12፥10፤ ማቴዎስ 23፥37

የትምህርቱ ዓላማ፦ ችግረኛ ቤተሰቦች ያሏቸውን ጥቂት ዶሮዎች ያለ ብዙ ወጪ እንዲያበዙ ለመርዳት፤ እግዚአብሔር በእናቲቱ ዶሮ ውስጥ ያኖረውን ጥበብ ማስተዋልና በዚያው መሠረት መሥራት።

መግቢያ

ዶሮ በአገራችን የድኻ ሰው ከብት ናት። ላም ለመግዛት አቅም የሌለው፣ በግ የሚያስርበት ግቢ የሌለው ቤተሰብ እንኳ ሁለት ወይም ሦስት ዶሮዎች ሊኖሩት ይችላሉ። እንቁላሏ ለልጅ ምግብና ለደብተር መግዣ፣ ዶሮዋ ራሷ ደግሞ ለእንግዳ ክብርና ለበዓል መዋያ ትሆናለች። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ የርዳታ ድርጅት ችግረኛን ለማቋቋም ሲያስብ ቶሎ ወደ ሐሳቡ ከሚመጡት ነገሮች አንዱ ዶሮ ማደል ነው። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት በሚል ስም የጀመረው መርሐ ግብርም ዶሮንና እንቁላልን ከዋና ዋና ሥራዎቹ መካከል አድርጓል።

ዳሩ ግን ጫጩት ማደል አንድ ነገር፣ ጫጩት ማሳደግ ሌላ ነገር ነው። የአንድ ቀን ጫጩቶች ተቀብላ በካርቶን ያኖረች እናት በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹን፣ በወሩም የቀሩትን ልታጣ ትችላለች። የሚጠፋው ጫጩት ብቻ አይደለም። «የተሰጠኝን አደራ በላሁ» ብላ ስለምታፍር የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ሲመጣ ፊቷን መደበቅ ትጀምራለች፤ በጸሎት ቤትም ከኋላ መቀመጥን ትመርጣለች። ለማንሣት የተሰጠው ርዳታ ሸክም ሆነባት ማለት ነው። ስለዚህ ጫጩቱ ምን አግኝቶ እንደሚያድግ ሳናስብ ብናድል ሥራችንን ገና አልጨረስንም።

1. ስለ ሸጎሌ ሁኔታ

ሸጎሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የሚገኝ ሠፈር ነው። በከብት ገበያውም ይታወቃል። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላለው ብርዱ ቀላል አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጭቃው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ ላባ ላላወጣ ጫጩት አስቸጋሪ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። በአምፑል ለማሞቅ ለተነሣ ሰው መብራት በጠፋ ሌሊት ምን እንደሚሆን የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። አንዳንድ ቤተሰብ ጫጩቶቹን ለማዳን ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛ ሰውንም ይገድላል። ጫጩት ለማትረፍ ልጆችን አደጋ ላይ መጣል የለብንም።

መብራትም ከሰልም የማትፈልግ ማሞቂያ ግን በብዙ ግቢ ውስጥ አለች። እርሷም የሐበሻ ዶሮ ናት።

2. እናቲቱ የምትሰጠው

የሐበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 የሚሆን እንቁላል ከጣለች በኋላ ለመታቀፍ ትፈልጋለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ቀንና ሌሊት ከጎጆዋ አትነሣም፣ ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ የደረቷንም ላባ ነቅላ እንቁላሉን ከቆዳዋ ጋር ታገናኛለች። 21 ቀን ሙሉ ታቅፋ በቀን ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ታገላብጣለች። ለመብላት፣ ለመጠጣትና ለመጸዳዳት በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትነሣለች።

ከተፈለፈሉ በኋላ ደግሞ የበረደውን ከክንፏ በታች ታስገባለች፤ የሞቀው ራሱ ብቅ ይላል። ምግብ ስታገኝ ጠርታ ታሳያለች፤ ጭልፊት ስታይ ድምፅዋን ለውጣ ታስጠነቅቃለች። ጫጩት ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚሸሸግ፣ ከማን እንደሚርቅ የሚማረው ከእርሷ ነው። በዚህ ጉዳይ እርሷን ለማስተማር ብንነሣ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ይደርስብናል።

የፈረንጅ ዶሮዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአለማያና በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል እንደ ነጭ ሌግሆርን ያሉ ዝርያዎች ወደ አገራችን ገብተዋል። ዛሬም ቦቫንስ ብራውንን የመሳሰሉ ዶሮዎች ይታደላሉ። እነዚህ ለእንቁላል ብዛት የተመረጡ ስለሆኑ የመታቀፍ ፍላጎታቸው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮ ብቻ የተቀበለ ቤተሰብ ዶሮዎቹ ባረጁ ጊዜ እንደገና እጁን መዘርጋት ይኖርበታል። ከመካከላቸው አንዲት ታቃፊ የሐበሻ ዶሮ ቢኖረው ግን መንጋውን ራሱ ሊተካ ይችላል።

3. ስለ ምን በመንጋው መካከል?

አንዳንድ ሰው ለጫጩቶቹ በመሳሳት እናቲቱን ከነልጆቿ ለብቻ ክፍል ዘግቶ ሁለት ወር ያቆያቸዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጉዳት አለው።

አንደኛ፣ ዶሮዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች ሥርዓት አላቸው። ሁለት ወር ተለይቶ የኖረ ጫጩት በድንገት ወደ መንጋው ሲገባ ባዕድ ነውና ይነከሳል፣ ከመኖ ይባረራል። በዚያን ጊዜ እናቱ ልጆቿን መጠበቅ ትታለች። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከእናቱ ጋር በመንጋው መካከል የሚመላለስ ጫጩት ግን የእናቲቱ ቁጣ ገና ትኩስ ሳለ ከሌሎቹ ጋር ይተዋወቃል። ትልልቆቹ ዶሮዎች አንድ ሁለት ጊዜ በእርሷ ተመትተው መራቅን ይማራሉ፤ ጫጩቱም ለትልልቆቹ መንገድ መልቀቅን ይማራል። እናቲቱ በተወችው ቀን እርሱ አስቀድሞ የመንጋው አባል ሆኗል።

ሁለተኛ፣ በግቢው አፈር ውስጥ ያሉትን ተራ ተዋሲያን ጫጩቱ በጥቂት በጥቂቱ እያገኘ ሰውነቱ መከላከልን ይለምዳል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ በተለይ የሚበረታው ብዙ ጫጩት በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ተጨናንቆ ሲኖር ነው። ደረቅ መሬትና በቂ ስፍራ ካለ ጫጩቶቹ ቀስ በቀስ ይቋቋሙታል።

ስለዚህ ምክራችን እንዲህ ነው፦ መታቀፉ በጥበቃ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች በከለላ፣ ማደጉ ግን በመንጋው መካከል ይሁን።

4. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሀ. እንቁላል መምረጥ። አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ፣ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀና ያልታጠበ እንቁላል ይመረጥ። እስኪታቀፍ ድረስ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ከሌለበት እርባታ የመጣ ስለሆነ አይፈለፈልም። ለአንዲት ዶሮ እንደ አካሏ መጠን ከ9 እስከ 12 እንቁላል ይበቃል። በብርድ ወራት ቁጥሩን መቀነስ ይሻላል፤ ክንፏ ያልሸፈነው እንቁላል ይበላሻልና።

ለ. ጎጆውን ማዘጋጀት። ሰባራ ማሰሮ ወይም የቲማቲም ሳጥን የጤፍ ጭድ ተጎዝጉዞበት መልካም ጎጆ ይሆናል። ሌሎች ዶሮዎች ከሚጥሉበት ስፍራ ለየት ባለና ጨለም ባለ ጥግ፣ ነገር ግን በዚያው በዶሮው ቤት ውስጥ ይሁን። ከተቻለ በፊቱ የሽቦ ወንፊት ይጋረድ፤ መንጋው ያያታል፣ እርሷም ታየዋለች፣ ነገር ግን ሌላ ዶሮ ገብታ አትጥልባትም። ዶሮዋን ወደ አዲሱ ጎጆ ማዛወር የሚገባው በሌሊት ነው፤ በቀን ከተዛወረች ወደ ቀድሞ ስፍራዋ ትመለሳለች። ከመታቀፏ በፊት ቅማልና ቁንጫ እንዳያስቸግራት ላባዋ ሥር ይታይ፤ የምትንከባለልበት ደረቅ አፈርና አመድም ይዘጋጅላት።

ሐ. ምልክት ማድረግ። የታቀፉት እንቁላሎች ሁሉ በአንድ ቀን ተጀምረው በከሰል ምልክት ይደረግባቸው። ምልክት የሌለው እንቁላል ከተገኘ ሌላ ዶሮ ጥላበታለችና በየቀኑ ይነሣ። እንዲህ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉ የኋለኞቹ ገና ይሆናሉ፤ እናቲቱም ከወጡት ጋር ተነሥታ ስትሄድ በመንገድ የቀሩት ይሞታሉ።

መ. በ7ኛው ቀን መመርመር። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ከእንቁላሉ በስተኋላ ይብራ። ሕይወት ያለው እንቁላል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ያሳያል። ሙሉ በሙሉ ጥርት ብሎ የሚታየው ዘር የሌለው ስለሆነ ይወጣል።

ሠ. ከ18ኛው ቀን በኋላ አለመንካት። እናቲቱ ታውቅበታለች። ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ በሆዱ በቀረው አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ሊቆይ ስለሚችል ለማብላት ተቻኩሎ ከሥሯ መጎተት አይገባም።

ረ. የአደራ ጫጩት። ፕሮጀክቱ የአንድ ቀን ጫጩት የሚያመጣ ከሆነ ለታቃፊዋ በሌሊት ከሥሯ ማስገባት ይቻላል። ይህ የሚሆነው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያህል ታቅፋ ከሆነና የራሷ ጫጩቶች ካሉም ዕድሜያቸው ተመሳሳይ ከሆነ ነው። በነጋታው ማለዳ መከታተል ያስፈልጋል፤ አንዳንዷ መልኩ የተለየውን ጫጩት ትነክሳለችና።

ሰ. ወደ መንጋው ማውጣት። ከተፈለፈሉ በኋላ ከ3 እስከ 7 ቀን በሽቦው ውስጥ ይቆዩ። ከዚያም ፀሐያማ በሆነ ቀን እናቲቱ ራሷ እየመራች ታውጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች አንድ ሰው በአቅራቢያ ሆኖ ይመልከት። እናቲቱ ራሷ በመንጋው የበታች ሆና የምትባረር ከሆነ፣ ወይም በዚያው ሳምንት ሌላም ዶሮ ጫጩት ካወጣች፣ ለጥቂት ጊዜ መለየት ይገባል። ሁለት እናቶች አንዷ የሌላዋን ልጅ ሊገድሉ ይችላሉ።

ሸ. መኖና ውኃ። በአንድ መንጋ ውስጥ ትልቁ ችግር ይህ ነው። ትልልቆቹ የጫጩቱን መኖ ይጨርሱታል፤ ጫጩቱ ደግሞ የእንቁላል ጣዮችን መኖ ከበላ በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም ኩላሊቱን ይጎዳዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጫጩት ብቻ የሚያሾልክ ክፍተት ያለው የእንጨት ሳጥን ተደፍቶ መኖው በውስጡ ይቀመጥ። የጫጩት መኖ መግዛት የማይችል ሰው በደቃቁ የተፈጨ በቆሎና ስንዴ ከጥቂት የኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅሎ ይስጥ፤ የተረፈውን እናቲቱ ትል እየጫረች ትሞላለች። ውኃው ጥልቀት በሌለው ሳሕን ይሁን፤ ጫጩት ገብቶ እንዳይሰጥምም ጠጠር ይጨመርበት።

5. የጫጩት ጠላቶች

ጭልፊት ከሰማይ፣ ድመትና ሸለምጥማጥ ከአጥር፣ አይጥ ከመሬት ይመጣሉ። እናቲቱ ጭልፊትን በድፍረት ትጋፈጣለች፤ አይጥን ግን በሌሊት ልትከላከል አትችልም። ስለዚህ የዶሮው ቤት ቀዳዳ ሁሉ መደፈን አለበት። በቀን ደግሞ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት ቁጥቋጦ ወይም ዝቅ ያለ ቆርቆሮ በግቢው ይኑር።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ግን ፈንግል ነው። ፈንግል የገባበት መንጋ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ከታመመ በኋላም የሚያድነው መድኃኒት የለም። ብዙ ጊዜ የሚበረታው በክረምቱ መግቢያ ሲሆን፣ በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ሲዘዋወርም ይሰራጫል። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ የተገዛች ዶሮ እስክትታረድ ድረስ ከመንጋው ተለይታ ትታሰር። ለእርባታ የተገዛችም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ ስለማይቆይ፣ ሦስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን መግዛት ይከብዳታል። እዚህ ላይ ጉባኤው ሊረዳ ይችላል። የሠፈሩን ቤተሰቦች፣ የሌላ እምነት ተከታዮችንም ጨምሮ፣ በአንድ ቀን ሰብስቦ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ማስከተብ ይቻላል። ቫይረሱ አጥር አያውቅምና የጎረቤቴ መንጋ ካልተከተበ የእኔም መንጋ በሥጋት ላይ ነው። በተጨማሪም ከመጣሏ በፊት የተከተበች እናት ከመከላከያ ኃይሏ በአስኳሉ በኩል ለጫጩቶቿ ታካፍላለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ለጫጩቶቹ የሚሰጠውን ክትባት ሐኪሙ ይወስናል።

6. የሚከፈለው ዋጋ

ነገሩን አሳምረን ብቻ ልንናገር አይገባም። 21 ቀን የታቀፈች፣ ከዚያም 8 ሳምንት ያሳደገች ዶሮ 77 ቀን ያህል እንቁላል አትጥልም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ስለሆነ ይህ ለቤተሰቡ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህም ብዙ ሰው ዶሮዋ እንዳትታቀፍ ቁልቁል ይሰቅላታል፣ ወይም ላባ በአፍንጫዋ ይሰካባታል። እንቁላል መፈለጉ ነውር የለበትም፤ እንስሳን ማሠቃየት ግን አያስፈልግም። ጭድ በሌለበትና ከታች ነፋስ በሚያስገባ የሽቦ ወይም የእንጨት ርብራብ ላይ ለጥቂት ቀን፣ ከመኖና ከውኃ ጋር ብትቀመጥ የመታቀፍ ፍላጎቷ ይጠፋል።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያስብ የሚገባው ይህን ነው። እንበልና አንዲት እናት 10 እንቁላል አስታቅፋ 8 ተፈለፈሉላት። ያለ ጥንቃቄ ብትተዋቸው ግማሾቹ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ብትጠነቀቅ ግን 6 ቢያድጉላት፣ ሦስቱ ቄቦች ሆነው መንጋውን ያሰፋሉ፣ ሦስቱ አውራዎች ደግሞ ይሸጣሉ። በኅዳር የተፈለፈለ አውራ ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ለገበያ ይደርሳል። ሦስት ዶሮ ካሏት ሁለቱ እንቁላል እየጣሉ አንዷ ብቻ ብትታቀፍ ቤቱ ያለ እንቁላል አይውልም። ወራቱንም መምረጥ ይገባል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ማስታቀፍ ከሐምሌ እጅግ ይሻላል።

7. ለፕሮጀክት ሠራተኞች

በሪፖርታችን «ይህን ያህል ጫጩት ታደለ» ብለን መጻፍ ይቀናናል። ይልቁንስ ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ያለውን እንቁጠር። ለአንድ ቤተሰብ 20 የካርቶን ጫጩት ከመስጠት የተከተበች አንዲት ታቃፊ ዶሮ ከነጫጩቶቿ መስጠት የሚሻልበት ጊዜ አለ። በየሠፈሩ ለብዙ ዘመን ዶሮ ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ ከእኛ ስልጠና በፊት የእነርሱን እውቀት እንጠይቅ። የጠፋበትንም ቤተሰብ እንደ ባለዕዳ አንመልከት። መጀመሪያ ምን እንደገደላቸው አብረን እንመርምር፤ ምናልባት ጉድለቱ በእኛ አሰጣጥ ላይ ይሆናል።

8. ከእግዚአብሔር ቃል

ሙሴ ለእስራኤል በሰጠው ሕግ ውስጥ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ታዟል። ጠቢቡም የጻድቅ ሰው ርኅራኄ እስከ እንስሳው ድረስ እንደሚደርስ ይነግረናል። ጌታችን ኢየሱስ ግን ከዚህ አልፎ ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ ራሱን ጫጩቶቿን በምትሰበስብ ዶሮ መሰለ። በአንበሳ ወይም በንስር ሊመስል ሲችል የድኻ ቤት ዶሮን መረጠ።

ዶሮዋን የሚያውቅ ሰው ምሳሌውን በቀላሉ ይረዳዋል። እርሷ ልጆቿን ከዓለም አውጥታ በሌላ ስፍራ አትዘጋቸውም። ጭልፊቱ በሚያንዣብብበት፣ ትልልቆቹ በሚጋፉበት በዚያው ግቢ ውስጥ ክንፏን ትዘረጋለች። መግባት ግን የጫጩቱ ፈንታ ነው፤ የኢየሩሳሌምም ኀዘን ይህ ነበር፤ ክንፉ ተዘርግቶ ሳለ አልወደዱም።

ይህን ምሳሌ ለጉባኤያችን ልናውለው እንችላለን። አዲስ አማኝን ወይም አዲስ የተቋቋመ ቤተሰብን እስኪጠነክር ብለን ለብቻ አስቀምጠን ኋላ በድንገት ወደ ማኅበሩ ብንለቅቀው ባዕድ ሆኖ ይገኛል። ያለ ጠባቂ በመካከል ብንጥለውም ይረገጣል። የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን በጉባኤው መካከል መሆን፣ በዚያም የሚያስጠጋው አንድ ክንፍ ማግኘት ነው። ከእኛ መካከል ያ ክንፍ የሚሆን ማን ነው?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሠፈራችን ባለፈው ዓመት ስንት ጫጩቶች ሞቱ? ከብርድ፣ ከአውሬ፣ ከፈንግልና ከመኖ እጦት የትኛው በለጠ?
2. ታቃፊ ዶሮ ያላቸውና ለጎረቤት እንቁላል ሊያስታቅፉ የሚፈቅዱ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ድርሻቸው ምን ያህል ቢሆን ተገቢ ነው?
3. ከክረምቱ በፊት የሠፈሩን ዶሮዎች በአንድ ቀን ለማስከተብ ጉባኤው ምን ሊያደርግ ይችላል?
4. የተሰጠውን ርዳታ አጥቶ ከመካከላችን የራቀ ቤተሰብ አለ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀው?
5. ወደ ጉባኤያችን አዲስ ለመጣ ሰው ቦታ የምንለቅቀው እንዴት ነው? የሚያስጠጋውስ ማን ነው?

የሳምንቱ ተግባር፦ እያንዳንዱ ተማሪ ዶሮ ያለውን አንድ ጎረቤት ይጎብኝ፤ የዶሮውን ቤት ቀዳዳ አብሮ ይድፈን፤ ከዚህ ትምህርት የተማረውን አንድ ነገር ያካፍለው፤ ከእርሱም አንድ ነገር ተምሮ ይመለስ።